«ሥራሽ ጥሩ ከሆነ ሰው ራሱ ያገኘዋል» ተብዬ ነበር

ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ፋይሌን ባስገባሁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከማዕረግ ዕድገት ኮሚቴው አንድ ሰው ደወለልኝ። «ዶክተር፣ እርስዎ የላኩልን ዝርዝርና እኛ ኢንተርኔት ላይ ያገኘነው አልተገናኘም» አለኝ በትሕትና። ኮምፒውተሬን ከፍቼ እኔም ፈለግሁ። ጽሑፎቼ በሦስት ሰዎች ስም ተበታትነው ተቀምጠዋል። አንዷ ስለ ወንዝ ውሃ ጽፋለች፣ ሌላዋ ስለ አትክልት፣ ሦስተኛዋ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የወጣ አንድ ጽሑፍ ብቻ አላት። ሦስቱም እኔ ነኝ።

ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ አማካሪዬ የነበሩት ፕሮፌሰር «ሥራሽ ጥሩ ከሆነ ሰው ራሱ ያገኘዋል፤ አንቺ ዝም ብለሽ ሥሪ» ይሉኝ ነበር። ቅን ሰው ነበሩ፤ ምክሩም በእሳቸው ዘመን ይሠራ ነበር። ያኔ በአንድ የጥናት መስክ ያሉ ሰዎች በስምና በመልክ ይተዋወቃሉ፣ ጽሑፍ ሲወጣ ቅጂውን በፖስታ ይላላካሉ። ዛሬ አንባቢ ወደ ጽሑፍ የሚደርሰው በፍለጋ ነው፤ የፍለጋው ማሽን ደግሞ ያልተገናኘውን አያገናኝም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ገና ለምትጀምሩት ነው፦ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች፣ አዲስ ለተቀጠራችሁ ሌክቸረሮች። አንድ ተመራማሪ በሥራ ዘመኑ እንዲታወቅ ወይም እንዲረሳ ከሚያደርጉት ነገሮች ከፊሉ በእጃችሁ ነው፣ ከፊሉ አይደለም። የእኔ ሥራ ውሃ ነው፤ ከእንጦጦ ወርደው መሃል ከተማውን እየሰነጠቁ ወደ አቃቂ የሚሄዱት እነ ቀበና እና ባንትይቀጡ፣ በወንዝ ውሃ የሚበቅለው ጎመንና ሰላጣም ጭምር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስም እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜዬን የበላው እሱ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንላለን፤ የጆርናል ፎርም ደግሞ «የመጨረሻ ስም» ይላል። በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ የአባቴ ስም መጨረሻ ገባ። በሁለተኛው ላይ የአያቴ፣ ፓስፖርት ላይ የመጨረሻው እሱ ስለሆነ። ሦስተኛውን ወደ ጆርናሉ የላከው የውጭ ተባባሪያችን ነበር፤ እሱ ደግሞ የእኔን የራሴን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ አረፈው። በዚያ ላይ ስሜ ውስጥ «ፀ» አለች። አንዱ ጋ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ተጽፋለች፣ ሌላው ጋ በ«ኤስ» ብቻ። ስማችሁ ውስጥ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ፀ ወይም ቀ ያለባችሁ ሁሉ ይህ ጣጣ አይቀርላችሁም።

መስኮቹም በመካከላቸው አይስማሙም። በኢትዮጵያ ጥናት ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ በማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ የሚሰለፈው በራሱ ስም ነው፤ እኛ ዘንድ ትክክለኛው አጠራርም ይህ ነው። በሕክምናና በተፈጥሮ ሳይንስ ግን ያው ሰው በአባቱ ስም ይገባል። ስለ አዲስ አበባ ወንዞች ታሪክ አንድ ጽሑፍ፣ ስለ ውሃው ኬሚስትሪ ሌላ ጽሑፍ የጻፈ ሰው ምንም ሳያጠፋ ሁለት ሰው ሆኖ ያርፋል።

ጉዳቱ የሳይቴሽን ማለትም ሌሎች ጽሑፋችሁን የጠቀሱበት ቁጥር ማነስ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አንድ ጽሑፋችሁን የወደደ አንባቢ ሌላውን ፈልጎ አያገኝም። ናይሮቢ በተካሄደ አንድ ስብሰባ ላይ ሁለት ጽሑፎቼን አንብባ ሁለቱን ጸሐፊዎች «ብታስተዋውቂኝ» ያለችኝ ተመራማሪ አጋጥማኛለች። ሳቅን፤ በኋላ ግን ስንቱ ሰው ሳይጠይቀኝ እንዲሁ አልፎ እንደሄደ ማሰብ ጀመርኩ።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጽሑፋችሁን ከመላካችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ወስኑ። የትኛው ስም መጨረሻ ይገባል? በላቲን ፊደል እንዴት ይጻፋል? ከፓስፖርታችሁና ከዲግሪያችሁ ጋር ቢገጥም ይመረጣል፤ ባይገጥምም ግን ከወሰናችሁ በኋላ አትቀያይሩት። ተባባሪ ጸሐፊዎቻችሁ ጽሑፉን ሲልኩ ስማችሁን እንዴት እንዳስገቡ ሳታዩ አታሳልፉ። ከዚያ ኦርኪድ የሚባለውን መለያ ቁጥር አውጡ። በ2012 የተጀመረ፣ 16 አኃዝ ያለው፣ ለተመራማሪ በነፃ የሚሰጥ ቁጥር ነው፤ ስማችሁ በስንት ዓይነት ቢጻፍ ቁጥሩ አንድ ስለሆነ ሥራዎቻችሁን ይሰበስባል። ጉግል ስኮላር ላይ ደግሞ የራሳችሁን ገጽ ከፍታችሁ የተበተኑትን ጽሑፎች በእጃችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። ስኮፐስ በተባለው የጥናት ጽሑፎች መዝገብ ላይ የተለያዩ ስሞች አንድ ሰው መሆናቸውን ገልጻችሁ እንዲዋሃዱ ብትጠይቁ ያለ ክፍያ ያስተካክላሉ። እኔ ይህን ሁሉ ያደረግሁት ከኮሚቴው ስልክ በኋላ ነው፤ ፋይሉም እስኪጣራ አንድ ዙር አለፈኝ።

ለሴቶች አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። እኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። የውጭ አገር ባልደረቦቼ አግብተው ስም ሲቀይሩ፣ ሲፋቱ መልሰው ሲቀይሩ የሚያዩትን መከራ ሳይ የእኛን ልማድ አመሰግናለሁ። ለውጭ ቪዛ ይመቻል ብላችሁ የባላችሁን ስም በሰረዝ የምትቀጥሉ እህቶች፣ ቢያንስ በጽሑፎቻችሁ ላይ ተዉት።

ሁለተኛው ነገር ጽሑፉ የሚወጣበት ቦታ ነው። ለማዕረግ ዕድገት ሲጣደፉ ኢሜይል ሳጥን ውስጥ «እጅግ የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር ግብዣ ይመጣል። ገና ሌክቸረር ሆናችሁ ፕሮፌሰር ብሎ የጠራችሁን ጆርናል ከዚያች መስመር ጀምሮ መጠርጠር ነው። በአንድ ሳምንት ግምገማ ጨርሰን እናወጣለን ይላል፣ ክፍያውን ግን ከተቀበሉ በኋላ ነው የሚነግረው። ጄፍሪ ቢል የተባለ አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ እንዲህ ዓይነቶቹን በዝርዝር ያወጣ ነበር፤ ዝርዝሩ በጥር 2017 ከኢንተርኔት ወረደ፣ ከዚያ ወዲህ ማጣራቱ በየራሳችን ላይ ወድቋል። ቢሮ የምንጋራው ባልደረባዬ ከደመወዙ ቆጥቦ ከፍሎ ያወጣው ጽሑፍ የነበረበት ድረ ገጽ አንድ ቀን ጠፋ። ጆርናሉም የለ፣ ጽሑፉም የለ። ያንኑ ጽሑፍ ሌላ ቦታ ለማውጣት ቢሞክር ደግሞ «ቀድሞ ታትሟል» ተባለ። ከሁሉ የሚያንገበግበው ሥራው ጥሩ ሥራ መሆኑ ነበር።

ጆርናል ስትመርጡ የክፍት ጆርናሎች ማውጫ የሆነው ዶአጅ ውስጥ መኖሩን እዩ፤ የአፍሪካ ከሆነ በ1998 የተቋቋመው አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ፈልጉት። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ዲ.ኦ.አይ የሚባለውን ቋሚ መለያ ይሰጥ እንደሆነ አረጋግጡ። የማሳተሚያ ክፍያን በተመለከተ ብዙ ወጣቶች የማያውቁት ነገር አለ፦ ኢትዮጵያ የታዳጊ አገሮችን ተመራማሪዎች በሚረዳው ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ በመጀመሪያው ምድብ ካሉት አገሮች አንዷ ስለሆነች በርካታ ትልልቅ አሳታሚዎች ከእኛ ለሚመጣ ጽሑፍ ክፍያውን ያነሣሉ። ብቻ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ጽሑፉ ሲላክ ነው። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብትጠይቁ ብዙዎቹ አይሰሙም። በዚሁ ፕሮግራም የውጭ ጆርናሎችን በነፃ ማንበብም ይቻላልና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞቻችሁን ጠይቁ።

የአገር ውስጥ ጆርናሎችን አትናቁ። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ከ1962 ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ከ1963 ጀምሮ አለ። በእኛ በሳይንሱ በኩል ሲኔት የሚባለው መጽሔት አለ። የአገር ውስጥ ጆርናል ላይ ያወጣሁትን አንድ ጽሑፍ የውጭ ሰው ብዙም አልጠቀሰውም፤ ነገር ግን የከተማው የውሃ ጉዳይ ባለሙያዎች አትመውት፣ አስምረውበት፣ ይዘውት ቢሮዬ የመጡት እሱን ነው። የውጭ ጆርናል ላይ የወጣውን ማንም ይዞብኝ መጥቶ አያውቅም። ሁለት ዓይነት አንባቢ አለ፤ የምትጽፉት ለየትኛው እንደሆነ ቀድማችሁ ብታውቁ ኋላ አትበሳጩም።

አሁን ሥራዬን ወደ ቀየረው ነገር ልምጣ። በጣም የደከምኩበት፣ ዛሬም የምኮራበት ጽሑፍ አለኝ፤ ጥቂት ሰው ነው ያነበበው። በብዛት የተጠቀሰልኝ ግን የውሃ ናሙና የወሰድኩባቸውን ቦታዎች፣ ወራቱን፣ የተለካውን ሁሉ በሰንጠረዥ የዘረዘረና ናሙናው እንዴት እንደሚያዝ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ነው። መጀመሪያ ልተወው ነበር፤ «ይህ ደግሞ ምን ግኝት አለው?» ብዬ። አንድ ገምጋሚ ነው «ዳታውን ሌላው እንዲጠቀምበት ክፍት አድርጊው» ብሎ የጻፈልኝ። ዜኖዶ ላይ አስቀመጥኩት። ዜኖዶ በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል በሰርን የሚተዳደር፣ በ2013 የተከፈተ ማከማቻ ነው፤ በነፃ ያስቀምጣል፣ ዲ.ኦ.አይም ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ከማላውቃቸው ሰዎች ደብዳቤ ይመጣልኝ ጀመር። አንዷ የዝናብ ወራቱን ልኬት ከራሷ ጋር ልታነጻጽር፣ ሌላው የናሙና አያያዙን ሊከተል። ሲጠቀሙበት ይጠቅሱኛል፤ ሲጠቅሱኝ ደግሞ ሌሎቹን ጽሑፎቼን ያያሉ።

የዓለሙም ልምድ ይኸው ነው። በሳይቴሽን ብዛት ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ጽሑፍ ኦሊቨር ላውሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1951 ያወጣው የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ነው፤ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ታላቅ ግኝት ተብሎ ሳይሆን ሁሉም ቤተ ሙከራ ስለተጠቀመበት። ከአገራችን ብትሉ የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት መዝገብን ውሰዱ። በ1980 ተጀምሮ ስምንት ጥራዞቹ እስከ 2009 ድረስ ወጥተዋል። ዛሬ ስለ አገራችን ተክል የሚጽፍ ሰው መዝገቡን ሳይጠቅስ መጨረስ ይከብደዋል። ከአዘጋጆቹ አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በ2016 የኪው ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። አራት ኪሎ ሣይንስ ግቢ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ገብታችሁ በየመደርደሪያው የተደረደረውን የደረቀ ቅጠል ብታዩ፣ ስም በምን እንደሚሠራ ይገባችኋል። የማንም ዓይን የማያየው፣ የሚያሰለች፣ ለሰው ሁሉ የሚጠቅም ሥራ። የግምገማ ጽሑፎችም እንዲሁ ናቸው፤ በአንድ ጉዳይ ላይ እስከዛሬ የተሠራውን ሰብስቦ በደንብ ያስረዳ ሰው ከአዲስ ግኝት ባለቤት ይልቅ ሲጠቀስ ታያላችሁ። ይህ ፍትሐዊ ነው አልልም፤ ግን እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ከማን ጋር እንደምትሠሩ ነው፤ እዚህ ላይ ከንግግር ይልቅ ወረቀት ያስፈልጋል። በ1968 ሮበርት መርተን የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ፣ የታወቀ ሰውና ያልታወቀ ሰው አብረው ሲሠሩ ምስጋናው ለታወቀው እንደሚሄድ ጽፎ፣ ነገሩን ላለው ይጨመርለታል በሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል «የማቴዎስ ውጤት» ብሎ ሰየመው። የሚያስቀው፣ ለዚያ ጽሑፍ ዋናውን ማስረጃ ያገኘው ሃሪየት ዙከርማን ከኖቤል ተሸላሚዎች ጋር ካደረገችው ቃለ መጠይቅ ነው፤ ስሟ ግን ከርዕሱ ሥር የለም። ጽሑፉ በሁለታችን ስም መውጣት ነበረበት ብሎ እሱ ራሱ ያመነው ከዓመታት በኋላ ነው። የሴቶች ሥራ ለወንድ ባልደረባቸው የሚቆጠርበትን ልማድ ደግሞ ማርጋሬት ሮሲተር በ1993 «የማቲልዳ ውጤት» አለችው።

እኔ ጋ የሆነው እንዲህ ነው። ናሙናውን እኔና ሁለት ተማሪዎቼ በክረምት፣ ጭቃ ውስጥ ገብተን ሰበሰብን። ትንታኔው ውጭ አገር ተሠራ። ጽሑፉ ሲወጣ የእኔ ስም መሃል ላይ፣ የተማሪዎቹ ምስጋና ላይ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሰዎች ያንን ሥራ መጀመሪያ በተጻፈው የውጭ አገር ፕሮፌሰር ስም ነው የሚጠሩት፤ አንድ ጊዜ እዚሁ አዲስ አበባ፣ እኔ በተቀመጥኩበት ስብሰባ ላይ፣ አንድ አቅራቢ «ፈረንጆቹ ስለ ቀበና ባደረጉት ጥናት» ብሎ ጠቀሰው። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚያየው የመጀመሪያውን ስም ነው።

ከዚያ በኋላ ናሙና ጠርሙስ ሳይነካ ማን መጀመሪያ እንደሚጻፍ፣ ማን ከጆርናሉ ጋር እንደሚጻጻፍ፣ ዳታው የት እንደሚቀመጥ በኢሜይል እንጽፋለን። በቃል የተስማማነውን ነገር ማታ ቤቴ ገብቼ «ዛሬ እንደተነጋገርነው» ብዬ እልካለሁ። እንግዳ አይመስላቸውም፤ እንዲያውም ያከብሩታል። ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም። ለአማካሪዎችም፦ የተማሪ ጽሑፍ ላይ ሳይሠሩ ስም ማስለጠፍ የተለመደ ሆኗል፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ስለሆኑ ብቻ የሚገቡ አሉ። ዝርዝሩ ይረዝም ይሆናል፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ግን ሃያ በማይገናኝ ርዕስ ላይ የገባን ስም አይቶ የሚገምተውን ይገምታል።

ስለ ቁጥር ጥቂት ልበል። የተመራማሪን ሥራ የሚለኩበትን ኤች ኢንዴክስ ያቀረበው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው፣ በ2005። አሥር ነው ከተባለ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱ አሥር ጽሑፎች አሉ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ስለዚህ ከእናንተ ሃያ ዓመት ቀድሞ የጀመረን ሰው ከእናንተ ጋር ማወዳደሪያ አይሆንም። የታሪክ ተመራማሪንና የሕብረተሰብ ጤና ተመራማሪንም አያወዳድርም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚሳተፉበት ዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት አለ፤ አንዱ ጽሑፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች አሉት፣ ሳይቴሽኑም ብዙ ነው። ተሳትፎው መልካም ነው። ብቻ ጎረቤት ቢሮ ያለውን ሰው ቁጥር እያያችሁ እንቅልፍ አትጡ፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳታዩ።

ዕድልም አለ። በ2016 ሮቤርታ ሲናትራና ባልደረቦቿ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት የአንድ ተመራማሪ ከሁሉ የላቀ ተጽዕኖ ያመጣው ጽሑፍ ከጽሑፎቹ ሁሉ መሃል የትም ቦታ ሊውል እንደሚችል አሳይተዋል። የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል፣ የመጨረሻውም። ከአርባ ዓመት ዕድሜ በኋላ አበቃልኝ ለሚመስላችሁ ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ደጋግሞ የጻፈ ሰው ዕጣው ይበዛለታል። ዶክተር አክሊሉ ለማን አስቡ። በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ፤ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ማለት ነው። ስለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። በመካከሉ ሃያ አምስት ዓመት አለ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በአክሊሉ ስም ይጠራል።

አሁን ደግሞ ስለ ሬዲዮ። በምርምር ዓለም መታወቅና በከተማው መታወቅ ይለያያሉ፤ ሁለተኛው በአንድ ቀን ይመጣል።

አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ስለ አትክልቱ ጥናት ጠየቀኝ። በአንዳንድ ማሳዎች ቅጠላ ቅጠል ውስጥ የከባድ ብረቶች መጠን ከሚመከረው በላይ መሆኑን፣ ይህም ከማሳ ማሳ፣ ከአትክልት አትክልት እንደሚለያይ ተናገርኩ። ማታ የተላለፈው ግን የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነበር። በማግሥቱ ነገሩ በፌስቡክ «የአዲስ አበባ አትክልት መርዝ ነው» ሆኖ ዞረ። አክስቴ ደውላ «ቤታችን ሰላጣ ከተከለከለ ይኸው ሦስት ቀን» አለችኝ፤ ስሜ ከፍ ማለቱ ግን አስደስቷታል። ታክሲ ውስጥ በድምፄ የለየኝ ሰው ነበር። ለእኔ ያ ሳምንት ዝና ነበር።

ቄራ አካባቢ ወዳለው ማሳ ስንመለስ ግን አንድ አዛውንት አትክልተኛ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ለዓመታት ቡና እያፈሉ ሲያስተናግዱን የነበሩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ አንቺ በሬዲዮ አወራሽ፤ እኔ ይኼን ጎመን ለማን ልሽጠው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የዚያን ዓመት ማሳ ውስጥ አላስገቡንም፤ የአንድ ተማሪዬ የመመረቂያ ጥናት በዚህ ምክንያት ርዕሱን ቀየረ። ሌሎች ተቋማት የላኳቸው ተማሪዎችም እንዲሁ ተመለሱ። የአንድ ሰው ንግግር ለመስኩ ሁሉ በር ሲዘጋ ያየሁት ያኔ ነው።

ዛሬ ለጋዜጠኛ ከመናገሬ በፊት በወረቀት ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፦ አድማጩ እንዲይዝልኝ የምፈልገውንና እንዳይደመድም የምፈልገውን። ሁለተኛውን በግልጽ እናገረዋለሁ፤ «ይህ ማለት አትክልት አትብሉ ማለት አይደለም» ብዬ። ርዕሱን ከማውጣታቸው በፊት እንዲያነቡልኝ እጠይቃለሁ፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ሰው ምን ማድረግ እንደሚችልም አብሬ እነግራለሁ። ማጠብ አቧራውንና ጀርሙን ይቀንሳል፣ ተክሉ ከአፈሩ ስቦ ውስጡ ያስገባውን ብረት ግን አያወጣም። በጥቅሉ እነ ቆስጣና ሰላጣ ከእነ ቲማቲም ይልቅ ብረት ይሰበስባሉ፤ ይህ ለገበሬው የሚጠቅም ወሬ ነው፣ ምን ቢዘራ እንደሚሻል ያሳየዋልና።

ውጤቱን ሁለት ገጽ በማይሞላ አማርኛ ጽፌ ለአትክልተኞቹ ማኅበር ወሰድኩ። አዛውንቱ የልጅ ልጃቸውን አስነብበው አዳመጡ፣ ጠየቁ፣ ተከራከሩ። ከዚያ «ይኼንን ከሬዲዮው በፊት ለእኛ ብታነቢልን ምን ነበረበት?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጥናት ሲያልቅ መጀመሪያ የሚሰማው ማሳው ያለው ሰው ነው። በሩም ተከፈተልን። ይህ በየትኛውም የሳይቴሽን ገጽ ላይ አይታይም፤ ግን ያለ ማሳው ጽሑፍ የለም።

ሬዲዮው ያመጣው ሌላ ነገር የሆቴል አዳራሽ ነው። በየወሩ ወርክሾፕ፣ ፓናል፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ፣ የሻይ ሰዓት። በዚህ የታወቁ ሰዎች አሉን፤ ሁሉም ያውቃቸዋል፣ የጻፉትን ግን የሚያውቅ የለም። አበሉ ደመወዝን ይደጉማል፣ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም። እኔ ግን ሐሙስና ዓርብን ለመጻፍ ዘግቼ ይዣለሁ፤ በእነዚያ ቀናት የሚጋብዘኝ ካለ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ስልኬን አጥፍቻለሁ።

በመጨረሻ ተማሪዎች። ጽሑፎቼን ከማንም በላይ ያዳረሱልኝ እነሱ ናቸው። ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ተቀጥረው ሲያስተምሩ የእኔን የናሙና አያያዝ ዘዴ ይዘው ሄዱ፤ የእነሱ ተማሪዎች ደግሞ ከእነሱ ወሰዱ። አንድም ቀን «ጥቀሱኝ» አላልኩም፤ የሚል አማካሪ ካጋጠማችሁ ግን እወቁበት፤ ገምጋሚ ሆኖ የራሱን ጽሑፎች የሚያስጠቅስም አለ፣ አዘጋጆች ይህን እያወቁት መጥተዋል። እኔ ያደረግሁት የመመረቂያ ሥራቸው ጽሑፍ ሆኖ ሲወጣ ፊት እነሱን ማስቀመጥ ነው። ያኔ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ራስሽን ጎዳሽ» ይሉኝ ነበር። ፊት የተቀመጠችው አንዷ ዛሬ ውጭ አገር የራሷ ቤተ ሙከራ አላት፤ አዲስ ፕሮጀክት ሲኖራት መጀመሪያ የምትደውለው ለእኔ ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ቀረችኝ፤ የኢሜይል አድራሻ። ጽሑፍ ላይ የሚታተመው አድራሻ እስከ መጨረሻው እዚያው ይኖራል፤ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ግን ሲስተም ሲቀየር ይጠፋል፣ ሥራ ስትቀይሩ ወይም ጡረታ ስትወጡ ይዘጋል። ሕንድ ያለ አንድ ተመራማሪ ስለ ዳታው ደጋግሞ ጽፎልኝ ሁሉም ተመልሶበት፣ በመጨረሻ ያገኘኝ በተማሪዬ በኩል ነው። አብራችሁ የማይዘጋ የግል አድራሻ አስገቡ፤ ኦርኪድ ገጻችሁም ላይ እሱኑ አድርጉ። እኔ ጡረታዬ እየቀረበ ስለሆነ የዜኖዶውን መግቢያ ለሁለት ተማሪዎቼ ሰጥቻለሁ፤ የዘንድሮው ክረምት ልኬትም በእነሱ እጅ ነው የሚገባው።